የቡጢ ግጥሚያና የተመልካች ዕዳ

ሰው ሰውን ሲመታ ቆሞ ማየት ስለ ምን ደስ ያሰኛል? ያ ደስ ብሎት ሲያይ የነበረው ተመልካችስ አንድ ቀን ፊቱን አዙሮ ወደ ሌላ ጨዋታ የሚሄደው ልቡ ስለ ራራ ነውን ወይስ ዐይኑ ስለ ሰለቸ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈቶች ወግ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ በዘመን ብዛት እየተሻሻለ ይሄዳል ወይስ ጭካኔውን ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሜዳ እያዛወረ ይኖራል የሚለውን ታላቅ ክርክር በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ፣ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ መምህር ወይም ተማሪ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለነገሩ ማስረጃ የሚሆነን የአሜሪካ አገር የቡጢ ግጥሚያ ነው። በዚያ አገር ቡጢ ከቤዝቦልና ከፈረስ እሽቅድምድም ጋራ ከፍተኛውን ቦታ ይዞ የኖረበት ዘመን ነበር። የከባድ ሚዛን አሸናፊውን ስም ጫማ ጠራጊውም የፍርድ ቤቱ ዳኛም እኩል ያውቁት ነበር። ዛሬ ግን በኒውዮርክ ጎዳና የሚያልፈውን ሰው አስቁመው የከባድ ሚዛን አሸናፊ ማን ነው ብለው ቢጠይቁት፣ ስሙን ሳይሳሳት የሚመልስ እምብዛም አይገኝም። ስፖርቱ ጨርሶ አልሞተም፤ ለጥቂት ታላላቅ ግጥሚያዎች የሚከፈለውም ገንዘብ ከቀድሞው የበዛ ነው። የጎደለው የብዙው ሕዝብ ልብ ነው።

የቀድሞው ፍቅር ምን ያህል እንደ ነበረ ለማሳየት እኛን ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የወልወል ግጭት ከተነሣ ገና ሰባት ወር ሳይሞላው፣ ሙሶሊኒ ጦሩን በስዌዝ ቦይ በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ በሚያጓጉዝበት ወራት፣ በኒውዮርክ ከተማ ያንኪ ስታዲየም በሚባለው ሜዳ ሁለት ሰዎች ለቡጢ ተገናኙ። አንደኛው ጆ ሉዊስ ይባላል፤ በአላባማ ከድኻ ጥቁር ገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ሁለተኛው ፕሪሞ ካርኔራ የሚባል፣ ከዚያ ቀደም የዓለም ከባድ ሚዛን አሸናፊ የነበረ ግዙፍ ኢጣሊያዊ ነበር። ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተሰበሰበ። ብዙ ሰዎች ግጥሚያውን ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ ጋራ እንደ ገጠመች አድርገው ቆጠሩት፤ የሁለቱ ወገን ሕዝብ እንዳይጋጭም ፖሊስ በብዛት ቆመ። ሉዊስ ያንን ግዙፍ ሰው ደጋግሞ ከጣለው በኋላ በ6ኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። የሃርለም ጥቁር ሕዝብም ወደ ጎዳና ወጥቶ ጨፈረ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ።

እንግዲህ የሃርለም ሰው ያን ሌሊት ምን አገኘ? የሉዊስ ቡጢ የኢጣሊያን አውሮፕላን አላወረደም፤ የመርዝ ጋዙንም አላገደም። ነገር ግን በባቡር ከነጭ ጋራ አብሮ ለመቀመጥ፣ በብዙ ክፍለ ሀገርም ድምፅ ለመስጠት ለተከለከለ ሕዝብ ያ ሰው በአደባባይ ቆሞ ክርክሩን ተከራከረለት። በቡጢው ውስጥ ሙግት ነበረበት። ይኸው ጆ ሉዊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ሂትለር ሊመካበት ይፈልግ የነበረውን ጀርመናዊ ማክስ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር፣ በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ውስጥ ሲዘርረው፣ ነጩም ጥቁሩም አሜሪካዊ በየቤቱ ራዲዮኑን ከቦ እንደ ራሱ ድል ሰማው። ተመልካችና ተጋጣሚ በአንድ ክር የተሳሰሩበት ዘመን ነበር።

ሌላው የማስታውሰው የሮማው ኦሊምፒክ ነው። ነሐሴ 30 ቀን 1952 ዓ.ም. ካሲየስ ክሌይ የሚባል፣ በኋላ ሙሐመድ ዓሊ ተብሎ ዓለም ያወቀው የ18 ዓመት ወጣት በቡጢ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በአምስተኛው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ወሰደ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም በድላቸው ሕዝባቸውን ከፍ አድርገዋል። ልዩነታቸው ግን አንድ ትልቅ የሞራል ጥያቄ ያስነሣል። አበበ ማንንም ሳይመታ አሸነፈ፤ የደከመውም የቆሰለውም የራሱ እግር ነው። በእግር ኳስ ሜዳ የሰው እግር ቢሰበር ጥፋት ወይም አደጋ ይባላል፤ ዳኛውም ፊሽካ ይነፋል። በቡጢ ግን የሰውን ራስ መትቶ አእምሮውን ማሳት የጨዋታው ግብ ነው፤ ሰውየው ቢወድቅ ደወል ተደውሎ አሸናፊው እጁን ያነሣል። ይህን ልዩነት ለማለስለስ የሚሞክር ብዙ ነው። ጓንቱን ደግሞ እንደ ርኅራኄ ምልክት የሚቆጥር አለ። ጓንት ግን በመጀመሪያ የሚጠብቀው የመቺውን እጅ ነው፤ በባዶ እጁ ቢሆን አጥንቱ እንዳይሰበር ሰግቶ የሚቆጠበው ሰው ጓንት ሲያጠልቅ የሌላውን ራስ ያለ ስጋት ደጋግሞ ይመታል።

ታዲያ ይህን ያህል ይወደድ የነበረው ነገር ስለ ምን ቀዘቀዘ? ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል አንዳንዶቹ የንግድ ምክንያቶች ስለ ሆኑ በአጭሩ ላልፋቸው እወዳለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ቡጢ በየሳምንቱ በነጻ ይታይ ጀመር። ሰውም በቤቱ ተቀምጦ ካየ ዘንድ በሰፈሩ ወዳለው ትንሽ አዳራሽ መሄዱን ተወ፤ አዳራሾቹ ተዘጉ፤ ጀማሪው ልጅ የሚለማመድባት ቦታ ጠፋች። ቀጥሎ ደግሞ ነጋዴዎቹ ታላላቆቹን ግጥሚያዎች ከነጻው ቴሌቪዥን አውጥተው በክፍያ ብቻ እንዲታዩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜይዌዘርና ፓኪያዎ ሲጋጠሙ አንድ ቤተ ሰብ በቤቱ ለማየት እስከ 100 ዶላር ከፍሏል። ይህን የማይከፍል ሰው ልጅ አሸናፊውን ሳያውቅ አደገ። በዚህ ላይ ዘውዱ አንድ መሆኑ ቀርቶ አራት የተለያዩ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የዓለም አሸናፊ እያሉ የሚሾሙ ሆኑ። አራት ንጉሥ ባለበት አገር ማን እንደ ነገሠ ማን ያውቃል? ወሮበሎች ግጥሚያውን በእጃቸው አስገብተው አሸናፊውን አስቀድመው የሚወስኑበት ጊዜም ነበር፤ ፍራንኪ ካርቦ የሚባለው የእነርሱ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በፍርድ ቤት ተፈርዶበታል።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። ቡጢ በየዘመኑ የድኻ ልጅ በር ነበር። በአሜሪካ አየርላንዳዊው፣ አይሁዱ፣ ኢጣሊያዊው፣ ጥቁሩ፣ ኋላም ሜክሲኳዊው በየተራ ገብተውበታል፤ አንዱ ወገን ኑሮው ሲሻሻል በሩን ለሚቀጥለው ድኻ ትቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን በታላቁ የቤዝቦል ሊግ ሲሰለፍ፣ የቅርጫት ኳሱና የአሜሪካው እግር ኳስም ለጥቁር ወጣት ሲከፈቱ፣ ራሱን ሳይመታ እንጀራ የሚያገኝበት መንገድ ተገኘ። የጥቁር ሕዝብ ሙግትም በ1964ቱና በ1965ቱ ሕግ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ምርጫ ሣጥን ተዛወረ። ሙግቱ ከቡጢው ውስጥ ሲወጣ የቀረው ቡጢው ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ሕዝቡ ቡጢን የተወው ኅሊናው ስለ ወቀሰው ነው የሚሉ አሉ። ለዚህ ክርክራቸው ማስረጃ አላጡም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1962 በኒውዮርክ ኤሚል ግሪፊት ቤኒ ፓሬትን በ12ኛው ዙር በማዕዘን ገመድ ላይ አስደግፎ ያለማቋረጥ ሲመታው ሚሊዮን ሕዝብ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ፓሬት ራሱን እንደ ሳተ ከዐሥር ቀን በኋላ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1982 የኮሪያው ተወላጅ ኪም ዱክ ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋራ ተጋጥሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ፤ በዚህም ምክንያት 15 የነበረው ዙር ወደ 12 ዝቅ አለ። ሐኪሞችም ቢሆኑ ዝም አላሉም። ሃሪሰን ማርትላንድ የሚባለው ሐኪም ራሳቸውን ደጋግመው የተመቱ ተጋጣሚዎች ከጊዜ በኋላ እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱና አእምሯቸው እንደሚደክም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ከሁሉ ይልቅ የሕዝቡን ልብ የነካው ግን የሙሐመድ ዓሊ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ተነገረ፤ በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ ያ ፈጣን የነበረው እጅ ሲንቀጠቀጥ ዓለም በሙሉ አየው። የእኛ ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወርቅ ያገኙበት ኦሊምፒክ ስለ ነበረ በኢትዮጵያም ያዩት ብዙዎች ናቸው።

እኔ ግን ኅሊና ነው የሚለውን ፍርድ ሙሉ በሙሉ ለመቀበል አልችልም። ሕዝቡ በርኅራኄ ምክንያት ቡጢን ትቶ ቢሆን ኖሮ የሄደው ወደ ገራም ጨዋታ ነበር። የሄደው ግን ወዴት ነው? አንዱ ክፍል ወደ አሜሪካው እግር ኳስ ሄደ፤ ዶክተር ቤኔት ኦማሉ የሚባለው ናይጄሪያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት በዚያ ጨዋታም የተጫዋች አእምሮ ክፉኛ እንደሚጎዳ አሳየ፤ ስታዲየሙ ግን አልጎደለም። ሌላው ክፍል፣ ይልቁንም ወጣቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በዴንቨር ከተማ ወደ ተጀመረው ድብልቅ ፍልሚያ ሄደ፤ በዚያ ደግሞ የወደቀውን ሰው መሬት ላይ ተጭኖ መምታት ይፈቀዳል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1970፣ ኖርዌይም በ1981 ለገንዘብ የሚደረገውን ቡጢ በሕግ ከልክለው ነበር፤ ኋላ ግን ሁለቱም ሕጉን አላሉት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰፊ የኅሊና መነሣሣት አይታየኝም።

የዐይን ነገር ከጥንትም አስቸጋሪ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በሚባለው መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊፒዮስ የጻፈው ታሪክ አለ። ይህ ሰው በሮም ከተማ የሰይፍ ተጋዳዮች ሲገዳደሉ ማየትን የሚጸየፍ ነበር። ጓደኞቹ ጎትተው ወደ ትርኢቱ ወሰዱት፤ እሱም ሥጋዬን ብትወስዱ ዐይኔን አትወስዱም በማለት ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ነገር ግን አንዱ ተጋዳይ በወደቀ ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ጆሮው ዐይኑን አስከፈተው፤ ደሙን ባየ ጊዜም ጭካኔውን እንደ መጠጥ ጠጣው። ከዚያ በኋላ ሌሎችን እየጎተተ የሚወስድ ሆነ። ወደ ጥሩ ወይም ወደ ክፉ የሚወስደን ብዙ ጊዜ ሐሳባችን ሳይሆን አብሮን የተቀመጠው ጉባኤ መሆኑን ከዚህ ታሪክ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ስለዚህ ነገሩን በሌላ ሚዛን ልመዝነው እፈልጋለሁ፤ ሚዛኑም ከአገራችን የተገኘ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ያየ ሰው ሦስተኛው ሰው ተብሎ አይቀርም፤ ገላጋይ ይባላል። ገላጋይነት ሹመት አይደለም፤ በዚያ ቦታ በመገኘት ብቻ የሚመጣ ግዴታ ነው። ገበያተኛም ይሁን መንገደኛ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ሲደባደቡ ቢያገኝ ሸክሙን አስቀምጦ በመካከላቸው ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ለሌላው የተሰነዘረው ዱላ እሱን ያገኘዋል። ቆሞ ያየ ሰው ግን ሲታማ ይኖራል፤ አንዱ ቢሞት ደግሞ የሟች ወገን እሱንም አብሮ በክፉ ያነሣዋል። የተመልካች ዕዳ የምለው ይህን ነው።

እንግዲህ የቡጢ ትኬት የሚሸጠው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ትኬቱ የሚሸጠው ከዚህ ዕዳ ነጻ መሆንን ነው። ገንዘቡን የከፈለ ሰው እንዲገላግል አይጠበቅበትም። በገመዱ ውስጥ የቆመው ዳኛም ሁለቱን የሚያላቅቃቸው እንደገና እንዲመታቱ ነው እንጂ እንዲታረቁ አይደለም። ቴሌቪዥን ሲመጣ ነገሩ ጨርሶ ተለወጠ፤ በሚሊዮን የሚቆጠረው ሕዝብ ፓሬት ሲመታ ሲያይ ልግላግል ቢልም እጁ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ከዕዳ ነጻ የወጣ ተመልካች ደግሞ ሁለት ዕድል ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ ይጸየፋል፣ ወይ ይሰለቻል። የሃርለም ሰው በ1927 ዓ.ም. አልሰለቸም፤ የሚመታው የእሱ ልጅ ነበርና። ዛሬ በአራት ዘውድ መካከል የሚጋጠሙት ሰዎች ለአብዛኛው ተመልካች ባዕዳን ናቸው። የባዕድ ደም ጥቂቱን ሰው ያስደነግጣል፤ ብዙውን ሰው ያዛጋዋል። አሜሪካውያን ቡጢን የተዉት በሥልጣኔ ከፍ ስላሉ ነው ከማለት ይልቅ ከተጋጣሚው ጋራ የነበራቸው ዝምድና ስለ ተቆረጠ ነው ማለት ወደ እውነት ይቀርባል።

ይህን በሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስልብን የእኛን የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ከወረታ ከተማ ወጥቶ ወደ ጣና በኩል ለሚመለከት ሰው ሜዳው ዐይን እስኪታክት ይዘረጋል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲፈስሱበት ባሕር ይመስላል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሣሩ ስለሚያምር የፎገራ ከብት በወተቱም በመልኩም ስመ ጥር ነበር። ከከብቱ ኋላ እረኛ ነበር፤ እረኛ ባለበትም ትግልና ድብድብ ነበር። በመስኩ ላይ ኮርማዎች ይዋጋሉ፤ ኮርማ ያልተዋጋ እንደ ሆነ ደግሞ ታላላቆቹ እረኞች ታናናሾቹን ያዋጋሉ። ሁለት ትንንሽ የአፈር ቁልል ሠርተው፣ ይህ የእናትህ ጡት ነው፣ ያኛው የእሱ እናት ጡት ነው፣ ወንድ ከሆንክ አፍርሰው ይላሉ። አንዱ ልጅ በእግሩ ሲንደው ሁለተኛው ይዘላል። የሚዋጉት ልጆች በመካከላቸው አንዳችም ጠብ አልነበራቸውም፤ ጠቡ ከሦስተኛው ሰው የመጣ ነው። ስለ አሜሪካው የግጥሚያ አዘጋጅ ባነበብኩ ቁጥር ያ አፈር ቆላይ ጎረምሳ ትዝ ይለኛል። ልዩነቱ ጎረምሳው ገንዘብ አለማግኘቱ ነው።

የነሐሴ 13 የቡሄ ጅራፍም አለ፤ በስሙ በተጠራችው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው አገር በዓሉ በደማቅ ይከበራል። ልጆች ጅራፋቸውን አስቀድመው በአየር ላይ ያጮኹና ኋላ ፊት ለፊት ቆመው ይገራረፋሉ፤ አንዱ በቃኝ እስኪል ድረስ ይዘልቃል። በገና ዕለትም በጨዋታው ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢመታ ጌታ መቆጣት አይገባውም ይባላል። እነዚህ ጨዋታዎች ያማሉ፤ የሚያሙ መሆናቸውን አስመስሎ መሸፈን አያስፈልግም። ጥርሱ የወለቀ፣ ዐይኑ የተጎዳ አለ። ይሁን እንጂ በሁሉም ውስጥ ገላጋዩ ከሜዳው አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ በዚያ በኩል ቢያልፍ ዱላውን ከፍ አድርጎ ተው ይላል፤ ሁሉም ይበተናል። የተገራረፉትም ልጆች ማታ ሙልሙላቸውን አብረው ይበላሉ።

አሁን ይህ ሁሉ እየቀነሰ መጥቷል። ደግሞ እዚህም ምክንያቱን ስንመረምር ርኅራኄን አናገኝም። በ1970ዎቹ ዓመታት ሩዝ በፎገራ መዘራት ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ውኃ ይተኛበት የነበረው ግጦሽ ቀስ በቀስ የሩዝ ማሳ ሆነ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር በየቤቱ ገባ፤ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከልም በወረታ ተቋቋመ። ከብቱ ሲቀንስ እረኛው ቀነሰ፤ የተረፈውም ልጅ ተማሪ ቤት ገባ። ልጆች የሚታገሉበት መስክ በሩዝ ተሸፈነ። ይህ ለገበሬው ብዙ ጥቅም ያመጣ ለውጥ ስለ ሆነ የማዝንበት አይደለም፤ ነገር ግን ጨዋታውን ያጠፋው ሩዝ እንጂ ስብከት አለመሆኑን መናገር ይገባል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወረታ ጎዳና የሚያልፍ ሰው የልጆቹን ጩኸት ከዲሽ ቤቶች ውስጥ ይሰማዋል፤ ጥቂት ብር ከፍለው የእንግሊዝ እግር ኳስ ያያሉ። ሐሳቤን ለሚጠራጠር ሰው የአገው ምድርን ምሳሌ ላምጣለት፤ በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በብዙ ሺህ ፈረስ ሲወጡ ጨዋታው ስለ ምን አልቀዘቀዘም? ማኅበር ስላለው ነው። ማኅበሩ ፈረሰኛውንና ተመልካቹን በመረዳዳት አስተሳስሯቸዋል፤ ፈረሱ የሞተበትን ሰው የሚያውቀው አለ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ችላ የሚባልም አይደለም። ተጋጣሚው ወዶ ገባ ነው፤ ማንም አላስገደደውም፤ ታዲያ የተመልካቹ ዕዳ ከየት መጣ? ይላሉ። በእርግጥ ጆ ሉዊስም ሙሐመድ ዓሊም ወደው ገብተዋል። ድኻውን ወጣት አንተ የምትመርጠውን አታውቅም ማለት እሱን መናቅ ነው፤ በቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች ደግሞ ይህን ንቀት በቶሎ እንለምደዋለን። ነገር ግን ፈቃድ የሚያነጻው ማንን ነው? መቺውን ያነጻው ይሆናል። የሚያየውን ሰው ግን አያነጻውም። አንድ ሰው ወዶ ገደል አፋፍ ላይ ቢቆም፣ ወዶ ነው ብለን ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፈን አንቀመጥም።

በቡጢ ዓለም ውስጥ ገላጋይ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ግን ግፍ ይሆናል። በማዕዘኑ ላይ ቆሞ ልጁን ውኃ የሚያጠጣው፣ ቁስሉን የሚጠርገው፣ ሲብስም ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን የሚያስቆመው አሠልጣኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በማኒላ ከተማ ሙሐመድ ዓሊና ጆ ፍሬዘር 14 ዙር ሙሉ ተደባደቡ። የፍሬዘር ዐይን አብጦ ከተደፈነ በኋላ 15ኛው ዙር ሊጀመር ሲል ፍሬዘር ልነሣ አለ፤ አሠልጣኙ ኤዲ ፉች ግን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው፤ በቃ አለ። የሚቀረው አንድ ዙር፣ የሦስት ደቂቃ ጊዜ ነበር። ፍሬዘር ስለዚህ ውሳኔ ብዙ ተቆጥቷል። ፉች ያደረገው ግን በፎገራ መንገድ ላይ ያለፈው ሽማግሌ የሚያደርገውን ነው፤ ከዓለም በሙሉ በዚያ ሰዓት እጁ የሚደርሰው እሱ ብቻ ስለ ነበረ አደረገው።

ነገሩን ይህን ያህል እንዳስብበት ያደረገኝ ባለፈው ዓመት እዚሁ ወረታ ስለ ወጣቶች መዝናኛ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ንግግር ነው። ጥቂት ወጣቶች የሩዝ ገለባ የሞሉበትን ጆንያ ከዛፍ ላይ ሰቅለው ቡጢ ሲለማመዱ ከርመው ኖሮ፣ ጓንትና የራስ መከላከያ እንዲገዛላቸው ጠየቁ። ከሽማግሎቹ አንዱ ተነሥተው፣

«ልጄ፣ ከጥይት የተረፈልንን ልጅ ደግሞ በቡጢ እንድናስመታው ነው የምትለን?» አሉ። በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን የደረሰውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ቀላል አልነበረም፤ አዳራሹም ጸጥ አለ።

ወጣቱ በትሕትና ቆሞ፣ «አባቴ፣ እርስዎስ በልጅነትዎ በቡሄ ጅራፍ አልተገራረፉም? እኛ የምንማረው መምታትን ብቻ አይደለም፤ እጃችንን መያዝንም እንማራለን። ይህን የሚማር ልጅ በመንገድ ላይ ድንጋይ አያነሣም» ሲል መለሰ።

«ተገራርፌአለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ደሜ ሲወርድ ግን ጅራፉን ከእጄ የሚቀማ አጎት ከጎኔ ነበረልኝ። ያንተን ማን ይቀማልሃል?»

ወጣቱ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ እኛም ብንሆን አልነበረንም። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ጓንቱ እንዲገዛ፣ በራስ ላይ የሚሰነዘር ምት ያለ መከላከያ እንዳይፈቀድ፣ በግጥሚያ ቀን የጤና ባለሙያ እንዲገኝ፣ ፎጣ ይዞ በማዕዘን የሚቆመውም ሰው በልጆቹ ወላጆች እንዲመረጥ ተወሰነ። እኔም ድምፄን ለዚህ ሰጠሁ። የመጨረሻው አንቀጽ በቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ከሌላ ቦታ የመጡ አንድ ባልደረባችን እንዲህ ያለ ደንብ በየትኛውም የቡጢ ሕግ ውስጥ የለም ብለው ነበር። ሽማግሌው ግን ካልተጻፈ አልፈርምም ስላሉ ተጻፈ። ጓንቱ ለሚመጣው በጀት ዓመት ተይዟል፤ ጆንያው እስከዚያው ድረስ ከዛፉ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው።